እንቅስቃሴ፣ ልምምድ፣ ክንውን፤ በሰውነት ማጎልመሻ፣ በስፖርት ሥነ ልቡናና በአካል ሕክምና ምርምር በሚሠራባቸው ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ቻርተር በርእሱ ላይ ሁለት ነገሮችን ብቻ ይዞ ነበር፤ እነርሱም የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና ስፖርት ናቸው። ያው ሰነድ በ2015 ተሻሽሎ ሲወጣ በሁለቱ መካከል አንድ ሦስተኛ ስም ገባ፤ ይኸውም እንግሊዝኛው «ፊዚካል አክቲቪቲ» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን። ይህን ባለ ሦስት ስም ርእስ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ያለ ብዙ ችግር ይጽፋል። ከመካከለኛው ሲደርስ ግን እጁ በልማድ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» ወደሚለው ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ በሌላ ገጽ ላይ «ኤክሰርሳይዝ» ለሚለው ሲያውለው የኖረ ስያሜ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ቻርተሩን ማሻሻል ባላስፈለገም ነበር።

ነገሩ የርእስ አተረጓጐም ብቻ ቢሆን ለዚህ መጽሔት ገጽ የሚበቃ ክርክር አይሆንም። ነገር ግን የሰውነት ማጎልመሻ፣ የስፖርት ሥነ ልቡናና የአካል ሕክምና ምርምር በአገራችን የሚካሄድበትን መንገድ ላስተዋለ ሰው ጉዳዩ ከዚህ ይከፋል። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ተመራማሪው መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ይወስዳል፤ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ መልሱን ከተማሪው፣ ከስፖርተኛው ወይም ከሕመምተኛው በአማርኛ ይሰበስባል፤ ውጤቱን ግን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አማርኛው በመካከል ገብቶ በመካከል ይቀራል፤ በታተመው ጽሑፍ ውስጥ አንባቢ አያየውም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የተወለደው በዚያ በማይታየው አማርኛ ውስጥ ነው። ትርጉሙን ለማረጋገጥ የተለመደው ዘዴ፣ ማለትም አማርኛውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ እንግሊዝኛ ማስመለስ፣ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። መላሹ የሙያው ሰው ስለሆነ «እንቅስቃሴ» የሚለውን ሲያይ የሚጠበቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ከራሱ እውቀት አውጥቶ ያስቀምጣል፤ ፈተናውም ያልፋል። የመርሐ ቤቴ ገበሬ ወይም የመርካቶ ተሸካሚ ቃሉን ሲሰማ ምን እንደ ተረዳ የጠየቀ የለም።

እንግዲህ ከዚሁ ቃል እንጀምር። «እንቅስቃሴ» በአማርኛ የማይሸከመው ነገር የለም። የገንዘብ እንቅስቃሴ፣ የትራፊክ እንቅስቃሴ፣ የሠራተኞች እንቅስቃሴ እንላለን። ለዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ስፋት ጸጋ ነው፤ ለሙያ ቋንቋ ግን ዕዳ ይሆናል። በምንነጋገርበት መስክ እንግሊዝኛው «ሙቭመንት»፣ «ሞሽን»፣ «አክቲቪቲ»፣ «ኤክሰርሳይዝ»፣ «ሞቢሊቲ» እና «ሎኮሞሽን» ብሎ የሚለያቸው ስድስቱም በአማርኛ መጠይቆችና የማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ «እንቅስቃሴ» ሆነው ይገኛሉ።

ልዩነቱ የቃላት ብልጫ አይደለም። ካስፐርሰን፣ ፓወልና ክሪስተንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች በ1985 ባወጡትና እስከ ዛሬ በሚሠራበት ጽሑፍ «ፊዚካል አክቲቪቲ» ማለት በአጽም ጡንቻዎች ሥራ የሚፈጠርና ኀይል የሚያስወጣ ማንኛውም የሰውነት እንቅስቃሴ ነው ብለው ወሰኑ። «ኤክሰርሳይዝ» ግን ከዚያ ውስጥ የታቀደው፣ ሥርዓት የተበጀለት፣ የሚደጋገመውና የአካል ብቃትን ለማሻሻል ወይም ለመጠበቅ ሆነ ተብሎ የሚደረገው ክፍል ብቻ ነው። በዚህ ብያኔ መሠረት ውሃ ቀድታ እንስራ ተሸክማ አቀበት የምትወጣ ሴት ከፍተኛ «ፊዚካል አክቲቪቲ» አላት፤ «ኤክሰርሳይዝ» ግን የላትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ክብደት ያለው «ፊዚካል አክቲቪቲ» ሲያዝ ይህች ሴት ምናልባት ማክሰኞ ዕለት ጨርሳዋለች። አሁን በአማርኛ «በሳምንት ስንት ቀን የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?» ብለን ብንጠይቃት መልሷ «ምንም» ነው፤ እውነቷንም ነው። ጥናቱ ግን እንቅስቃሴ ከጎደላቸው ሰዎች ተርታ ይመዘግባታል።

የሕዝቡ አነጋገር ይህን ልዩነት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። «ስፖርት ይሠራል» የሚለው የከተማ አባባል የሚያመለክተው ውድድርን ሳይሆን በትክክል «ኤክሰርሳይዝ» የተባለውን ነው፤ ማለዳ በአስፋልት ዳር የሚሮጠው ጡረተኛም ሆነ በቤቱ ገመድ የሚዘለው ወጣት «ስፖርት ሠራሁ» ይላል። የቋንቋ ሰዎች ይህን አባባል እንደ ስሕተት ሲነቅፉት ይሰማል። ለዚህ ጸሐፊ ግን ሕዝቡ ያጣውን ቃል በራሱ መንገድ የሞላበት አስተዋይነት መስሎ ይታየዋል፤ ነቀፋው የሚገባው ቃሉን በጊዜው ላላቀረብነው ለእኛ ነው። ሆኖም «ስፖርት»ን በዚህ ትርጉም ወደ ሙያ ጽሑፍ ማስገባት አይቻልም፤ ቻርተሩ ራሱ ስፖርትን ለብቻው ስሞታልና።

የሚቻለው «የአካል እንቅስቃሴ»ን ለሰፊው ጽንሰ ሐሳብ ትቶ ለጠባቡ «ልምምድ»ን መውሰድ ነው። «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» ሦስት ቃል ከመሆኑም ሌላ ከሕክምና ክፍል ሲገባ ይሰበራል፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ እጁ የሰለለ ሰው ጣቱን ለማንሣት ሲታገል «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ያደርጋል» ማለት በሰውየው ላይ ማሾፍ ይመስላል። «የጣት ልምምድ ያደርጋል» ሲባል ግን ለሐኪሙም ለቤተ ሰቡም ግልጽ ነው። ከዚህም በላይ «ለመደ» የሚለው ሥር ለዚህ ሙያ የተዘጋጀ እስኪመስል ድረስ ዘሩ ብዙ ነው። ልምምድ፣ ልማድ፣ ልምድ፣ መላመድ፣ ማለማመድ፣ አለማማጅ ሁሉ ከእርሱ ይወጣሉ። የሥልጠና ፊዚዮሎጂ የሰውነትን ለጫና ራሱን ማስተካከል የሚለው መላመድ ነው፤ ስለ እንቅስቃሴ ክህሎት አመጣጥ የሚያጠናው ክፍል ከልምምድ ወደ ልማድ የሚደረገውን ጉዞ ይመረምራል። ከአንድ ሥር የወጡ አራትና አምስት ስያሜዎች ዝምድናቸውን በመልካቸው ሲያሳዩ ተማሪው ግማሹን ትምህርት ከቃሉ ያገኛል። እንግሊዝኛው ይህን ዕድል አላገኘም፤ ቃላቱ ከየትም ከየትም የተሰበሰቡ ናቸውና።

እግረ መንገዳችንን አንድ ሌላ የሰዋስው ሀብት እንጠቁም። አማርኛ የአደራረግን ስም ከግሡ ያወጣል፤ ረገጠ ካለ አረጋገጥ፣ ሮጠ ካለ አሯሯጥ፣ ተነፈሰ ካለ አተነፋፈስ፣ ተራመደ ካለ አረማመድ። ሕመምተኛ እንዴት እንደሚሄድ መመርመርን «የእግር ጉዞ እንቅስቃሴ ትንተና» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ «የአረማመድ ምርመራ» የሚለው ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ አላየውም። የሰውነትን አቋም በተመለከተ ብቻ ጥንቃቄ ያሻል። «አቋም» ዛሬ የፖለቲካ አመለካከትም ነው፤ «አቋቋም» ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በመቋሚያና በጸናጽል የሚፈጽሙት የዜማ ትምህርት ስም ነው። በነገራችን ላይ ይህ የኋለኛው ትምህርት ራሱ ሚዛንን፣ ምትንና የእግር አጣጣልን ለዓመታት የሚያስጠና በመሆኑ የሰውነት ማጎልመሻ ተመራማሪዎች ቢጎበኙት የሚጠቀሙበት ይመስለናል።

«ሰውነት ማጎልመሻ» የሚለው የትምህርት ስም ብዙ ጊዜ ይነቀፋል፤ አላግባብ ነው። «ጎለመሰ» የልጅን ወደ ጎልማሳነት መድረስ የሚናገር ግሥ ሲሆን «ሰውነት» ደግሞ ገላን ብቻ ሳይሆን ሰው መሆንንም ይይዛል። ገላ ይታጠባል፣ አካል ይጎድላል፣ ሰውነት ግን ይከብራል፣ ይዋረዳል። ስለዚህ ስሙ ልጅን በአካሉ በኩል ወደ ሙሉ ሰውነት ማድረስ የሚለውን የትምህርቱን ዓላማ በሁለት ቃል ይናገራል። ችግሩ ከትምህርት ቤት ግቢ ሲወጣ ነው። የሰባ ዓመት አዛውንት አይጎለምሱም፤ ለእርሳቸው የተዘጋጀውን የልምምድ መርሐ ግብር «የአረጋውያን ሰውነት ማጎልመሻ» ብሎ መጥራት ቃሉን ከሥሩ መንቀል ነው።

ወደ «ጉልበት» እንለፍ። ይህ ቃል የእግር መታጠፊያ ነው፤ ብርታት ነው፤ የቀን ሥራም ነው። «የጉልበት ልምምድ» የሚል ርእስ ያየ ሕመምተኛ ጉልበቱን ለማጠፍ ይዘጋጃል ወይስ ክብደት ለማንሣት? ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ለመታጠፊያው «ጉልበት»ን ትተን ለጡንቻ «ጥንካሬ» ብንል፣ ለረጅም ጊዜ መቋቋም «ጽናት» ብንል የሚጎድል ነገር የለም። ከጥንካሬና ከፍጥነት ድምር የሚገኘው፣ ዝላይና ውርወራ የሚጠይቁት ችሎታ ግን እስካሁን ደኅና ስም አላገኘም፤ «ኀይል» ብሎ መጥራት ከፊዚክስ መጻሕፍት ጋር ያጋጫል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሊታሰብበት የሚገባው «ድካም» ነው። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ አንድ ሰው በልምምድ ላይ ሳለ ምን ያህል እየጣረ እንደሆነ በራሱ ስሜት የሚናገርበትን ከ6 እስከ 20 የሚደርስ መለኪያ አዘጋጀ፤ ቁጥሮቹም በአሥር ሲባዙ ከልብ ምት ጋር በግምት እንዲገጥሙ የታሰቡ ናቸው። መለኪያው የሚጠይቀው በዚያች ሰዓት ያለውን ልፋት ነው እንጂ ድካምን አይደለም። በአማርኛ «ምን ያህል ደከመህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ስፖርተኛው የሚመልሰው ስለ ቀረው አቅም ነው። በዚያ ላይ «ድካም» ልፋትም (ድካሙ ፍሬ አፈራ እንደምንለው)፣ መዛልም፣ የበሽተኛ አቅም ማጣትም ነው። ልቡን ታሞ በሐኪም ጥበቃ ሥር በሚረግጠው ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው «አልደከመኝም» ቢል ደኅና ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሐኪም ፊት ደካማ መስሎ መታየት አፍሮም ሊሆን ይችላል። «ምን ያህል ልፋት ይጠይቅሃል?» የሚለው አጠያየቅ ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይመዝንምና መልሱ ይጠራል።

በስፖርት ሥነ ልቡና በኩል ያለው ጉዳይ ከሁሉ የረቀቀ ነው። እዚህ ላይ «ሥነ» የሚለው የግእዝ ቃል ውበት ማለት ነውና ለሳይንስ ስም አይሆንም የሚለውን የቆየ ክርክር አናነሣም፤ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ምግባር ከጸደቁ ወዲህ ክርክሩ ጊዜው አልፏል። የሚያሳስበን «ጭንቀት» ነው። ስፒልበርገር በ1970 ባወጣው መለኪያ የሚታወቀው የዚህ ምርምር መሠረታዊ ልዩነት ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንደኛው በአንድ ሰዓት መጥቶ የሚሄድ ጭንቀት፣ ሁለተኛው የሰውየው ጠባይ የሆነ ጭንቀት ነው። ተርጓሚዎቻችን «ሁኔታዊ ጭንቀት» እና «ባሕርያዊ ጭንቀት» እያሉ ከባድ ቅጽሎች ይደረድራሉ። አማርኛ ግን ይህን ልዩነት በግሥና በቅጥያ ሲናገረው የኖረ ነው። «ጨንቆኛል» የሚል ሰው ከውጭ የመጣበትን፣ የሚያልፍለትን ነገር ይናገራል፤ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ እንደሚለው ሁሉ የስሜቱ ባለቤት ሳይሆን ተቀባዩ ነው። «ጭንቀታም» ሲባል ግን ሆዳም እንደሚባለው ጠባዩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዐይነት መጠይቅ ዐረፍተ ነገሮች በ«ጨንቆኛል» መልክ፣ የሁለተኛው በ«ቶሎ የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ» መልክ ቢጻፉ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባል። «እኔ የተጨነቅሁ ነኝ» የሚለው የእንግሊዝኛ አጥንት ያለበት አጻጻፍ ግን ሁለቱን መልሶ ይቀላቅላቸዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ማርተንስ፣ ቪሊና በርተን በ1990 ያወጡት የውድድር ጭንቀት መለኪያ የሐሳብን ጭንቀት ከሰውነት ጭንቀት ለይቶ ይመዝናል፤ ስጋትና ጥርጣሬ በአንድ ወገን፣ የልብ ምት፣ የሆድ መላወስና የጡንቻ መወጠር በሌላ ወገን ይቆጠራሉ። በአማርኛ ልብና ሆድ የሐሳብ ማደሪያዎች ናቸው። «ሆዴ ፈራ» የሚል ሯጭ ስለ ሆድ ዕቃው አይናገርም፤ ተጠራጠርሁ ማለቱ ነው። «ልብ አላልሁም» የሚለውም ስለ ልብ ምት አያወራም። ስለሆነም የሰውነት ምልክትን የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር ልብንና ሆድን ጠርቶ ቃል በቃል ሲመለስ ሳይታወቅ ወደ ሐሳብ ወገን ይሻገራል፤ በቁጥሮቹ ላይ ሁለቱ ጭንቀቶች አንድ ሆነው ሲገኙም ተመራማሪው የኢትዮጵያ ስፖርተኞች ጭንቀት የተለየ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የተለየው አተረጓጐሙ ነው። የልብ ምትን የፈለገ «ልቤ ድው ድው ይላል» ብሎ፣ የሆድን መላወስ የፈለገ «ሆዴን ይቆርጠኛል» ብሎ ጥርት አድርጎ ይጠይቅ።

የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ስፖርተኛው ከውድድር በፊት እንዲያደርገው የሚያስተምሩት የጡንቻ ማላላት ደግሞ «መዝናናት» ተብሎ መጻፉ ይገርማል። ዛሬ ወጣቱ «ልዝናና» ሲል ወደ ምሽት ቤት መሄዱ ነው። ተወጠረ እና ላላ በክራር ክር ላይ ሁሉም የሚያውቃቸው ተቃራኒዎች በመሆናቸው «ውጥረት»ን ከተቀበልን «ማላላት»ን መቀበል ግድ ነው። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር እንጨምር። ስንተረጉም የምንደክመው ከውጭ ለመጡት ጽንሰ ሐሳቦች ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚነገሩት «ወኔ» እና «እልህ» ግን መለኪያ አልወጣላቸውም። እልህ ቁጣ አይደለም፤ ተነሣሽነት ብቻም አይደለም፤ ተቀናቃኝ የነካውን ክብር በጽናት ለመመለስ መነሣት ነው። አንዳንዴ ያሸንፋል፣ አንዳንዴ ቀይ ካርድ ያሰጣል። ይህን የሚያጠና ሰው ሲገኝ ሌሎች ከእኛ ቃል የሚዋሱበት ጊዜ ይሆናል።

አሁን የሂሳችን ዋና ወደ ሆነው ስያሜ ደርሰናል፤ ይኸውም «ሪሀቢሊቴሽን» የተባለው ነው። ለዚህ አንድ ቃል በአማርኛ ሦስት ይሠራባቸዋል፤ ተሐድሶ፣ ማገገሚያ፣ መልሶ ማቋቋም። ሦስተኛው የተፈናቀለን ሕዝብና ከሠራዊት የተሰናበተን ወታደር በኑሮ ማቆም በመሆኑ ለእርሱ እንተወው። በሁለቱ ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል።

«አገገመ» የሚለው ከበሽታ ተነሥቶ ወደ ቀድሞ ጤናው ለሚመለስ ሰው የተሰጠ ደግ ቃል ነው። ነገር ግን ሪሀቢሊቴሽን በተለይ የሚያስፈልገው ወደ ቀድሞው ለማይመለሰው ነው። አበበ ቢቂላን እናስታውስ። በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው አበበ በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ የአከርካሪ አጥንቱ ተጎድቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ ያ ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም በ1944 የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ያቋቋመበትና ስፖርትን የሕክምናው አካል ያደረገበት፣ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደበት ቦታ ነው። አበበ እንደገና አልተራመደም። ሆኖም በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1971 በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ተሽቀዳደመ። በ1973 ዐረፈ። እንግዲህ አበበ አገገመ? አላገገመም። ሪሀቢሊቴሽኑ ግን ከንቱ ሆነ? አልሆነም። «ማገገሚያ» የሚለውን ስያሜ የተቀበለ ሰው ይህን ታሪክ የሚገልጽበት ቃል የለውም። በደጃፉ ላይ «ማገገሚያ» የተጻፈበት ክፍል የገባ፣ እግሩ እንደማይመለስ የተነገረው ወጣትም ስለምን እዚያ እንደ ገባ ሊጠይቅ መብቱ ነው። ባለማገገሙም ሰነፍ ሕመምተኛ መስሎ ለራሱ ይታየዋል።

«ተሐድሶ» ይህ ጉድለት የለበትም፤ ሌላ አለበት። ቃሉ «ታደሰ» ከሚለው የተደራጊ ግሥ የወጣ ነው፤ ታዳሹ ተቀባይ ነው፤ አዳሹ ሌላ ነው። ሪሀቢሊቴሽን ግን ያለ ባለቤቱ ድካም ፈቀቅ የማይል ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ቃሉ በሃይማኖት ክርክርና በፓርቲ ግምገማ ውስጥ ብዙ ዘመን ውሏል፤ «ተሐድሶ ገባ» ሲባል አመለካከቱ እንዲታረም የተወሰደ ሰው ትዝ ይላል። የተሰበረ ወገብ የሚታረም ጥፋት አይደለም።

የላቲኑ ሥር ብቁ ማድረግ ማለት ነው፤ ቃሉም አስቀድሞ ሰውን ወደ ተነጠቀው ማዕርግና መብት መመለስን ያመለክት ነበር። በዚህ መሠረት «መልሶ ማብቃት» የሚለውን እናቀርባለን። «የአካል ብቃት» ከሚለው ከጸናው ስያሜ ጋር ይዛመዳል፤ ስፖርቱንና ሕክምናውን በአንድ ሥር ያያይዛል፤ ወደ ቀድሞው እግር ሳይሆን ወደ ብቃት መመለስን ይናገራል። «አበቃ» የመጨረስም ግሥ ነውና ያምታታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እንገምታለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም «መልሶ» ከፊቱ ሲቀመጥ የመጨረስ ትርጉሙ መግቢያ ያጣል። በስማቸው «ተሐድሶ»ን የያዙ ተቋማት ስማቸውን ይለውጡ አንልም፤ የምንለው የሙያው ጽሑፍ በዚህ ይሥራ ነው።

ይህ ከተያዘ የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ያጸደቀው የተግባርና የአካል ጉዳት ምደባም ቀና ይላል። ምደባው የ1980ውን አሮጌ አከፋፈል ትቶ የሰውን ሁኔታ በሦስት ደረጃ ያያል፤ የአካል ክፍል ሥራ፣ «አክቲቪቲ» እና «ፓርቲሲፔሽን»። ሦስተኛው «ተሳትፎ» ቢባል ያለቀ ነው። ሁለተኛው ግን እንደ ልማዱ «እንቅስቃሴ» ሆኖ ቢመለስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ በዚህ ምደባ ማንበብና መነጋገርም «አክቲቪቲ» ናቸውና። «ክንውን» ተገቢ ይመስለናል። ሰውየው በተመቻቸ ቦታ ሊያደርግ የሚችለውን በኑሮው ከሚያደርገው ለመለየት ደግሞ «ይችላሉ?» እና «ያደርጋሉ?» የሚሉት ሁለት ግሦች ይበቃሉ፤ ደረጃ በሌለበት የሕክምና ክፍል ወለል ላይ በክራንች የሚሄድ ሰው ጭቃና ድንጋይ ባለበት መንደሩ ከቤት ላይወጣ ይችላልና።

ስለ «ጉዳት» ባጭሩ እንናገር። በስፖርት ገጽ «ተጫዋቹ ጉዳት ላይ ነው» ሲባል ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመለስ ነው፤ «አካል ጉዳተኛ» የሚባለው ግን ሁኔታው ከእርሱ ጋር የሚኖር ነው። በፓራሊምፒክ ዘገባ ውስጥ «ጉዳት የደረሰበት አካል ጉዳተኛ ሯጭ» የሚል ሐረግ መጻፍ ግድ እስኪሆን ድረስ ቃሉ ተጨናንቋል።

ለአጭር ጊዜው ጉዳት አማርኛ ያለው ስም እጅግ የተሟላ ነውና መዋስ አያስፈልግም። አጥንት ሲሰበር ስብራት፣ ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ውልቃት፣ መገጣጠሚያው ሳይወጣ ጅማቱ ሲቀየም ወለምታ ይባላል። ሽባነትም ቢሆን ዐይነት አለው፤ ጡንቻው ሟሽሾ እጅ እግር ሲዝለፈለፍ «ልምሻ» ነው፤ ፖሊዮን «የልጅነት ልምሻ» ያለው ሰው ትክክለኛ ሐኪም ነበር። የጎደለው የጅማት ነገር ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውና አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ሁለቱም «ጅማት» ይባላሉ፤ ለቁርጭምጭሚት ወለምታና ለተረከዝ ጅማት መበጠስ ግን ሕክምናው ልዩ ልዩ ነው። «የጡንቻ ጅማት» እና «የአጥንት ጅማት» ማለት ለጊዜው ይበቃል። የጡንቻ «መኮማተር»ም እንዲሁ ሁለት ነገር ይዟል። ጡንቻ ሲሠራ የሚያደርገውና ሳይሠራ ብዙ ከርሞ አጥሮ የሚቀርበት አንድ ስም ሊኖራቸው አይገባም፤ የኋለኛው «እጥረተ ጡንቻ» ሳይሆን ሰው እንደሚለው «ተኮራምቶ መቅረት» ይባል። ቁልቁለት ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ የሚሠራው ሥራ ደግሞ መኮማተር ተብሎ ጨርሶ ሊጠራ አይችልም፤ ጡንቻው እየረዘመ ነውና። መንገደኛ «ቁልቁለት ጭን ይይዛል» የሚለው በማግስቱ የሚሰማውን ሕመም ነው፤ ሥራው ግን መግታት ስለሆነ «ገቺ ሥራ» ቢባል ይገልጸዋል።

የቀረው ሙያተኛው ራሱ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው የሬዲዮ ዘጋቢዎችም ተመልካቹም «ወጌሻ» ይሉታል። ወጌሻ ስብራትን የሚጠግን፣ ውልቃትን የሚመልስ፣ ወለምታን የሚያሽ የባህል ሐኪም ነው። በዩኒቨርሲቲ ዓመታት ያጠና ባለሙያ ስሙን ባይወደው አይፈረድበትም፤ ወጌሻውም በበኩሉ የራሱ ስም ለሌላ ሲሰጥበት ያዝን ይሆናል። «የአካል ሐኪም» የሚለው ሙከራ ማንን ከማን እንደሚለይ አይታወቅም፤ አካልን የማያክም ሐኪም የለምና። «ፊዚዮቴራፒስት» ከባድ ቢመስልም አፍ ለምዶታል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ፊዚዮቴራፒስቶች እየተባለ በአማርኛ ሰዋስው ይረባል። ስለዚህ እርሱ እንደ ተዋሰነው ይቆይ፤ ወጌሻ ለወጌሻ ይቅር፤ በመጠይቅ ላይ «ወጌሻ ዘንድ ሄደዋል?» እና «ፊዚዮቴራፒ ተደርጎልዎታል?» የሚሉት በሁለት ልዩ ልዩ መስመሮች ይጻፉ።